«ማኅበረሰብ» ወይስ «ዘለላ»? በአንጎል መረብ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የአንጎልን ክፍሎች እንደ ነጥብ፣ ትስስራቸውን እንደ መስመር ቆጥሮ በሚያጠናው ዘርፍ፣ እርስ በርሳቸው በጥብቅ፣ ከሌሎች ጋር ግን በላላ የተሳሰሩ ነጥቦች በእንግሊዝኛው «ኮምዩኒቲ» ይባላሉ። ይህን ቃል በቃል «ማኅበረሰብ» ማለት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለንም።

ከአሶሳ በስተ ደቡብ በማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ራሳቸውን ማኦ ብለው ከሚጠሩት ወገኖች መካከል ግዋማን የሚናገሩ አሉ፤ ግዋማ ደግሞ ከኮማን ቋንቋዎች የሚመደብ ነው። የባምባሲ ማኦ ግን ኦሞአዊ ነው። ማኅበረሰብ ራሱን በራሱ ይሰይማል፤ የቋንቋ መዳቢው ስሌት ይህን ስም አይከተልም። በአንጎል መረብም ነጥቦቹን የሚያሰባስባቸው ቀመሩ እንጂ ስለ ራሳቸው ያላቸው ዕውቀት አይደለም። ስለዚህ እንደ ወይን ፍሬ በአንድ ላይ መያያዝን የሚያሳየውን «ዘለላ» እንመርጣለን (በ«እንባ ዘለላ» አንዲት ጠብታን ማመልከቱ አይጠፋንም)።

«ስታቲስቲካል ሲግኒፊካንስ»ን «ጠቃሚነት» ወይም «ጉልህነት» ማለት ከዚህ የከፋ ነው። ነገሩ ስለ ጥቅምም ሆነ ስለ ግዝፈት አይናገርም፤ የሚጠይቀው ዘለላው በአጋጣሚ ብቻ ሊገኝ ይችል እንደሆነ ነው። ጊሜራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳዩት፣ በዕጣ በተሳሰረ መረብ ውስጥም ከፍ ያለ የሞዱላሪቲ ውጤት ይገኛል። ስለሆነም የተገኘው ክፍፍል፣ የየነጥቡን የመስመር ብዛት ጠብቀው በዕጣ ከተደባለቁ ብዙ መረቦች ጋር ይነጻጸራል፤ ያንን ውጤት የሚያህል ወይም የሚበልጥ ያስገኙት፣ እንደ ልማዱ፣ ከመቶ 5 ካነሱ ክፍፍሉ ፈተናውን ያልፋል። ይህን «ከአጋጣሚ መለየት» እንለዋለን። ስሙ ይረዝማል፤ ይርዘም።

ለማነጻጸሪያ የሚሠራውን «ነል ሞዴል» «ባዶ አምሳያ» ማለትም አይረባም፤ ባዶ አይደለምና። ፍርዱን የሚወስነው በውስጡ የተጠበቀው ነገር ነው። የቋንቋ ምሁራን ችግሩን ያውቁታል። ቤንደር እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያን ቋንቋዎች በመሠረታውያን ቃላት መመሳሰል ሲመድብ የመዋዋስን ጣጣ አብሮ አንሥቷል፤ በኋላ ጉሙዝንና ኮማንን «ኮሙዝ» ብሎ ማስተባበሩም እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጎረቤት ከጎረቤት ቃል ይዋሳል፤ በአንጎልም ተቀራራቢ ክፍሎች በቅርበታቸው ብቻ ሊሳሰሩ ይችላሉ። ርቀትን የማይጠብቅ አምሳያ ቅርበትን በዘለላነት ያስቆጥራል። «የአጋጣሚ አምሳያ» የሚለውን ብንቀበልም፣ በፍቺው ምን ምን እንደሚጠበቅ ሳይገለጽ ወደ መዝገበ ቃላት እንዲገባ አንደግፍም።