የኃይሌ ገሪማን ፊልም ከፎገራ ሜዳ ሆኖ መመዘን

ለተበደለ ቆሜያለሁ የሚል ፊልም ብዙ ነው፤ ጥሩው የሚለየው ግን የድሃውን ሥራ በሚያይበት ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ለዚህ ሚዛን የተሠራ ይመስላል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሚጫወቱትም የተዋናይነት ሙያ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ወረታ ወይም ፎገራ ላይ በሬ ጠምዶ ያደገ ተመልካች እርፉን የያዘው እጅ የአራሽ ይሁን የተዋናይ ወዲያው ይለያል፤ የፊልም ትምህርት አያስፈልገውም። ካሜራው ርቆ ቆሞ ስለሚጠብቅ ድካሙ በሰውየው አካሄድ ላይ ይታያል። የፊልሙ አካሄድ ይዘገያል የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ ይዘገያል። ሆኖም እርሻን በሁለት ደቂቃ ቆራርጦ የሚያሳይ ፊልም ስለ ገበሬ ያወራል እንጂ ገበሬን አያሳይም።

ሁለተኛው መለኪያ ግፉ ያለ ንግግር መታየቱ ነው። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ የጭሰኛው ቤተሰብ ይሮጣል። የቤተሰቡ ሴት ልጅ የባለመሬቱን ላም ከጎርፍ ለማዳን ስትል ትሞታለች። ክረምት በመጣ ቁጥር ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲፈስሱ ለሚያይ የፎገራ ሰው፣ የሰው ነፍስ ከሰው ከብት በታች የዋለበትን ያን ትዕይንት ማንም ሊያብራራለት አይገባም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከታሪክ የሚመጣ ነው፤ ፎገራ ያለበት በጌምድር በአብዛኛው የርስት አገር ስለነበር ይህን የመሰለ ጭሰኝነት ይበልጥ የደቡቡ ታሪክ ነው ይባላል። ትክክል ነው፤ ፊልሙን የአውራጃችን የመሬት ሰነድ አድርጎ መውሰድ አይገባም። ነገር ግን የተቀረፀው እ.ኤ.አ. በ1974፣ የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሳይወጣ ነው። በጊዜው አገሪቱን ያናውጥ የነበረውን የመሬት ጥያቄ ከመንግሥት ቀድሞ በሰው ገላ ላይ አይቶ መቅረፁ ያስመሰግነዋል።

የአንድ ባለሙያ ዘመን ሲመዘን ደግሞ የራሱን ወገን ምን ያህል እንደመረመረ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «ጤዛ» ኃይሌ ጀርመን የተማረውን አንበርብርን ይዞ የራሱን ትውልድ አብዮተኞች ይጠይቃል፤ ፊልሙ ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን አግኝቷል። ድፍረቱ ትልቅ ነው፤ አንዳንዱ ንግግሩ ግን ምስሉ የጨረሰውን ይደግማል። ስለዚህ ከሁለቱ ብልጫውን ለ«ምርት» እሰጣለሁ።