ከሞቱም በኋላ ወደ ገበያ

እ.ኤ.አ. በ1979 የጸደይ ወራት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየ አንድ ፊልም ሁለት የታወቁ ሃያስያንን በሁለት ተቃራኒ ጫፎች አቁሟቸው ነበር። የኒው ዮርክ ታይምሷ ጃኔት ማዝሊን የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ብቻ ተመልክታ መውጣቷን ራሷ በጽሑፏ ገለጸች። የቺካጎ ሰን ታይምሱ ሮጀር ኢበርት ደግሞ አራት ኮከብ፣ ማለትም ከሁሉ የላቀውን ደረጃ ሰጠው። ፊልሙ ጆርጅ ሮሜሮ ያዘጋጀው “ዶውን ኦፍ ዘ ዴድ” (የሙታን ንጋት) ነው። ይኸው አዘጋጅ በ1968 ላወጣው “ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ” (የሕያዋን ሙታን ሌሊት) ለተሰኘው የዞምቢ ፊልም ተከታይ ሆኖ የተሠራ ነው።

“ስለ ዞምቢ ፊልም መነጋገር ለሙስሊም ቤተሰብ ምን ይጠቅመዋል?” የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና እንዲህ ያለው ፊልም ዛሬ ወደ ቤታችን ለመግባት ፈቃዳችንን አይጠይቅም፤ በልጆቻችን የእጅ ስልክ ውስጥ ይገኛል። ያየው ወጣት ደግሞ “ደሙን ሳይሆን መልእክቱን ተመልከቱ” የሚል ክርክር ይዞ ይቀርባል። ያን ጊዜ “ዝጋው!” ከማለት በስተቀር ሌላ ቃል የሌለው ወላጅ ገና ከመጀመሪያው ተሸንፏል። ስለዚህ ክርክሩን ከሥሩ መመርመሩ ይበጃል።

ያለቀሱት ሕፃናት

የመጀመሪያው ፊልም በጥቁርና ነጭ፣ በአነስተኛ ገንዘብ፣ በፒትስበርግ ከተማ አካባቢ የተሠራ ነበር። ለሕዝብ የቀረበው በጥቅምት 1968 ሲሆን፣ አሜሪካ ፊልሞችን በተመልካች ዕድሜ የምትለይበት ሥርዓት ሥራ ላይ የዋለው ከአንድ ወር በኋላ ነው። በመሆኑም ልጆች ያለ ከልካይ ገቡ። ኢበርት ፊልሙን ያየው በቀን ትርዒት፣ አዳራሹን ከሞሉት ሕፃናት ጋር ነበር። በጥር 1969 ባወጣው ጽሑፉ እንደመሰከረው፣ ሕፃናቱ መጀመሪያ እየሳቁ ይጮኹ ነበር፤ ኋላ ግን ዝም አሉ። በእርሱ ግምት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ ከመቀመጫዋ ሳትንቀሳቀስ ታለቅስ ነበር። ኢበርት ጣቱን የቀሰረው በፊልሙ ሠሪዎች ላይ ሳይሆን ልጆቹን ባስገቡት የሲኒማ ቤት ባለቤቶችና በላኳቸው ወላጆች ላይ ነበር።

ተከታዩ ፊልም ሲመጣ ነገሩ በጥቂቱ ተሻሻለ። ሠሪዎቹ ያለ ዕድሜ ደረጃ አወጡት፤ የማስታወቂያው ጽሑፍ ግን የጭካኔው ትዕይንት ሊያስደነግጥ እንደሚችል አስጠንቅቆ፣ ከ17 ዓመት በታች ያለ ሰው እንደማይገባ አሳወቀ። እንግዲህ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ለሕፃን እንደማይሆን ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ሙታኑ ለምን ወደዚያ ሄዱ?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሙታን እየተነሱ ሕያዋንን መብላት በጀመሩበት ጊዜ ሁለት የቴሌቪዥን ጣቢያ ሠራተኞችና ሁለት የልዩ ፖሊስ ኃይል አባላት በሄሊኮፕተር ይሸሻሉ። በመጨረሻም በአንድ ግዙፍ የገበያ ማዕከል ጣሪያ ላይ ያርፋሉ። ቦታው በፒትስበርግ አቅራቢያ የሚገኘው የሞንሮቪል የገበያ ማዕከል ሲሆን፣ ቀረጻው የተካሄደው ሱቆቹ ከተዘጉ በኋላ ሌሊት ሌሊት ነበር። ሙታኑ በሱቆቹ መካከል በመስኮት መስኮት እያዩ ይንከራተታሉ። “ለምን እዚህ መጡ?” ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ፣ በሕይወት ሳሉ የለመዱት ቦታ ስለሆነ ነው የሚል ነው። ሞተውም ልማዳቸው አልለቀቃቸውም።

ፊልሙን ካወገዙት ብዙዎቹ ያላስተዋሉት ነገር ቢኖር፣ የፊልሙ ብርቱ ፍርድ በሙታኑ ላይ ሳይሆን በሕያዋኑ ላይ መሆኑ ነው። አራቱ ሰዎች በሮቹን ቆልፈው የሱቆቹ ሁሉ ጌቶች ይሆናሉ። ውድ ልብስ ይለብሳሉ፤ የተረፋቸውን ይበላሉ። ባንኩ ገብተው ምንዛሪ በሌለበት ዓለም የወረቀት ገንዘብ በእጃቸው ሞልተው ይወጣሉ። ጥቂት ቆይተው ደስታቸው ይደርቃል። ከመካከላቸው ያለችው ሴት ቦታው በማማሩ ምክንያት እስር ቤት መሆኑን እንዳላዩ ትነግራቸዋለች። ዘራፊዎች በሞተር ብስክሌት ሰብረው ሲገቡ ተደብቀው ማሳለፍ ይችሉ ነበር፤ ይሁን እንጂ አንዱ “የእኛ ነው” ብሎ ይተኩስባቸዋል። በዚያው ምክንያት ሞቶ ይነሳል። ሲነሳም እግሩ ልማዱን ተከትሎ ሙታኑን ወደ ጓደኞቹ መደበቂያ ይመራቸዋል።

በሀብት ብዛት መፎካከር ሰውን እስከ መቃብር ድረስ እንደሚያዘናጋው ከሱረቱ ተካሡር ለተማረ አንባቢ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ወጣቱ “ፊልሙ መልእክት አለው” ሲለን “የለውም” ብለን ብንመልስለት እውነት አንናገርም። መልእክት አለው። ጥያቄው መልእክቱ በምን ተጠቅልሎ እንደቀረበና ተመልካቹ ከሁለቱ የትኛውን ይዞ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ነው።

ስላቁና ደሙ

ኢበርት በ1979ኙ ጽሑፉ ፊልሙ አስቀያሚ፣ ዘግናኝና ጨካኝ መሆኑን አልሸሸገም፤ እንዲያውም አንድ በአንድ ዘረዘረው። ከዚያም የአሜሪካን የሸማችነት ኑሮ ያለ ምሕረት የሚሳለቅበት መሆኑን አድንቆ፣ ጥበብ የግድ ለዛ ያለው መሆን እንደሌለበት ተከራከረ። በእርግጥ ጨዋ መስሎ የሚዋሽ ፊልም ከዚህ አይሻልም። ሆኖም የምንጠይቀው ስለ ለዛ ሳይሆን ስለ ሰው ክብር ነው።

በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ትልቅ ትዕይንት አለ። በአንድ የድሆች ሕንፃ የሚኖሩ ሰዎች ሙታናቸውን ለመንግሥት አናስረክብም ብለው ይደብቃሉ። ለምን ሲባል፣ እነዚህ ሰዎች ሞት ክብር አለው ብለው ገና ስለሚያምኑ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። ጀናዛን አጥቦ፣ ከፍኖ፣ ሰግዶበት የሚቀብር ሕዝብ ይህን ቃል ሲሰማ ልቡ ይነካል። ታዲያ ፊልሙ ይህን ቃሉን ጠበቀ ወይ? አልጠበቀም። ኋላ ላይ ዘራፊዎቹ በሙታኑ ፊት ላይ የክሬም ኬክ ይወረውራሉ፤ ጌጣቸውን ከላያቸው ይነጥቃሉ። ትዕይንቱ የተሠራው ተመልካቹ እንዲስቅ ነው። የሚስቀው ተመልካች በዚያች ደቂቃ ከዘራፊዎቹ ጎን ይሰለፋል። ምናልባት አዘጋጁ ይህንኑ ሊያሳየን ፈልጎ ይሆናል፤ ግን የሳቀ ሰው ሁሉ ራሱን ይመረምራል ብሎ ማሰብ ሰውን አለማወቅ ነው።

ለዚህ ምስክሩ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፊልሙን በገንዘብ የደገፈው ጣሊያናዊው ዳሪዮ አርጀንቶ ያሳጠረው ቅጂ በ1978 በጣሊያን “ዞምቢ” ተብሎ ታይቶ ነበር። ገበያው መድራቱ ሲታወቅ በ1979 ሉቺዮ ፉልቺ ያዘጋጀው ሌላ ፊልም “ዞምቢ 2” የሚል ስም ተሰጥቶት እንደ ተከታይ ተሸጠ። በዚያ ፊልም ውስጥ የገበያ ማዕከል የለም፤ በሸማችነት ላይ የሚሰነዘር ስላቅም የለም። ደሙና የሚበላው ሥጋ ግን አለ። ነጋዴዎቹ ሕዝቡ የትኛውን እንደወደደ አውቀው ነበርና ሐሳቡን ትተው ደሙን ወሰዱ። በራሱ በሞንሮቪል የገበያ ማዕከል ውስጥም ከጊዜ በኋላ የዞምቢ መታሰቢያ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ተከፈተ። ወደ ገበያ በሚንከራተቱ ሰዎች ላይ የተሳለቀ ፊልም አድናቂዎቹን ወደዚያው ገበያ መለሳቸው።

በሌላ በኩል የማዝሊንን መውጣት እንደ ጉድለት አንቆጥርባትም። ዓይን የማይገባውን ነገር አላይም ብሎ መነሳት መብት ነው፤ መውጣቷን ለአንባቢዎቿ መግለጿም ታማኝነት ነው። ነገር ግን በ15 ደቂቃ ውስጥ ፊልሙ ገና የገበያ ማዕከሉ አልደረሰም። ብዙዎቻችን ወላጆች ከልጆቻችን ጋር በምናደርገው ክርክር ያለንበት ቦታ ይኸው ነው፤ እኛ ከበር ተመልሰናል፣ ልጁ ግን እስከ መጨረሻው አይቶታል።

በሩ ላይ ማን አለ?

ከሁለቱ ሃያስያን የተለያየ ፍርድ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመን የኢበርት የ1969 ጽሑፍ ይመስለናል። በዚያን ዘመን በር ላይ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ነበር፤ ከፈለገ ልጅን መመለስ ይችል ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ በር ላይ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ወይ እናት ወይ አባት ናቸው፣ ወይም ማንም የለም።

ስለዚህ ትንንሾቹን መከልከል ግዴታችን ነው፤ ይህ ድርድር የለውም። የሙታንን መነሳት ከቂያማ ጋር አያይዞ የሰማ ሕፃን፣ ያለ ጥያቄና ያለ ሒሳብ የሚነሱ፣ ከመብላት በቀር ዓላማ የሌላቸው ሙታን ሲያይ የሚገባበት ፍርሃትና ግራ መጋባት ቀላል አይደለም። ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን የደረሱትን ግን መከልከሉ ብቻ አይመልሳቸውም። አጠገባቸው ተቀምጠን “ሐሳቡ እውነት ነው፤ ታዲያ ይህን እውነት ለመናገር የሰው ገላ እንደ ከብት ሥጋ መዘልዘል ነበረበት ወይ? ኬኩ ሲወረወር አንተስ ሳቅህ?” ብለን እንጠይቃቸው። መልሳቸውንም በትዕግሥት እናድምጥ።

ከዚያም ልጁ መልሶ የሚጠይቀንን ለመስማት እንዘጋጅ። ሞቶም ወደ ሱቅ የሚሄደውን ሰው አይቶ የመጣ ልጅ፣ የእኛን ቤት ዕቃ፣ የእኛን የዒድ ግዢ፣ ከጎረቤት ጋር የምንገባውን ፉክክር ማየቱ አይቀርም። አላህ ያን ጊዜ ሳናፍር የምንመልሰው ነገር እንዲኖረን ያድርገን።