«እስኪ ሱባኤ ያዝበት»

ማለዳ ላይ በአራዳ ጊዮርጊስ አጥር ጥግ ቆሜ መንገደኛውን ማየት እወዳለሁ። ከታክሲ የወረደች ሴት ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ ሦስት ጊዜ አማትባ በሩን ትሳለማለች፤ ግንባሯን አስደግፋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ግን የውሎዋ ጉዳይ ሁሉ እዚያ የሚመዘን ይመስለኛል።

ካቴድራሉ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው፤ ጦርነቱ የዋለው በጊዮርጊስ ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበርና። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. የነገሡትም እዚሁ ነው። እኔን የሚማርከኝ ግን ዛፍ ጥላ ሥር የማየው ነገር ነው፦ ሰው ከንስሐ አባቱ ጎን ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲማከር።

አንድ ጊዜ ደመወዙ ዳጎስ ያለ ሥራ አገኘሁና ልቤ ቸኮለ። የንስሐ አባቴ «ግባ»ም «ተው»ም አላሉኝም። መስቀላቸውን አሳልመውኝ «እስኪ ሱባኤ ያዝበት ልጄ። ስታስበው ልብህ ያርፋል ወይስ ይቅበጠበጣል? እሱን አስተውል» አሉኝ። ሰባት ቀን ማለት ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ጠዋት ስጸልይ፣ የጓጓሁት ለሥራው ሳይሆን የናቀኝን አንድ ዘመዴን ለማሳየት እንደሆነ ገባኝ። አፈርኩ፤ ግን ቀለለኝ።

በሰባተኛው ቀን ሄጄ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና የእናቴን ጤና ጠየቁኝ።