ማክ አድራሻ መዝጋቢው ይመስገን

ለመተማና ለገንዳ ውሃ መሥሪያ ቤቶች አዳዲስ ኮምፒውተሮች በብዛት ሲገቡ፣ ከመታደላቸው በፊት የእያንዳንዱን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) የሚመዘግብ የአይሲቲ ባለሙያ ትልቅ ምስጋና ይገባዋል። አድራሻው 12 ፊደልና ቁጥር ሲሆን የመጀመሪያዎቹ 6 የኔትወርክ ካርዱን አምራች ይጠቁማሉ። ባለሙያው «ጌትማክ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ ያወጣዋል፤ የኬብሉንና የዋይፋዩን ለይቶ ከማሽኑ መለያ ቁጥርና ከተጠቃሚው ክፍል ጎን ያሰፍራል። 8ን ከ«ቢ» ካምታታ ኮምፒውተሩ በማክ አድራሻው የተያዘለትን አይፒ አያገኝም፤ ስለዚህ ደግሞ ያመሳክራል።

«አድራሻው በሶፍትዌር ይቀየር የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይቀየራል፤ ስለዚህ መዝገቡን እንደ በር ቁልፍ መቁጠር አይገባም። ዋና ጥቅሙ ማስረጃነቱ ነው። መዝገቡ ከሌለ፣ ሰሊጥ ጫኝ መኪናዎች ሰነድ በሚጠብቁበት ሰዓት አንድ ኮምፒውተር ኔትወርኩን ቢያውክ፣ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በቆላው ሙቀት ቢሮ ለቢሮ መዞር ግድ ይሆናል። መዝገቡ ካለ ግን ባለሙያው ከጎንደር ሆኖም በስልክ ይጠቁማል። ባለጉዳይን ከእንግልት የሚያድን ጥንቃቄ ክብር ይገባዋል።