ሙሉ ልብስና ጎዶሎ ልብስ

ከአንድ ጨርቅ የተሰፋ ኮትና ሱሪ ለብሶ የመጣን ሰው «ሙሉ ልብስ ለብሷል» እንላለን። ቃሉ ከአፋችን ሲወጣ ማንንም የነካን አይመስለንም። ነገር ግን ሙሉ የሚባል ልብስ ካለ ጎዶሎ የሚባልም አለ ማለት ነው። ጎዶሎው የቱ ነው? ኩታው ነው? ጋቢው ነው? ወይስ የራያ ሰው ወገቡ ላይ የሚያሸርጠው ሽርጥ? ስለ መሥሪያ ቤት አለባበስ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ «ከረባት ይታሰር ወይስ ይቅር፤ ጂንስ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» በሚል ይጀመርና እዚያው ያልቃል። ይህ የከተማ ክርክር ነው። ወደ ቆቦና ወደ ራያ ቆላ ወረድ ሲሉ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። በቢሮ ውስጥ የሚለበሰው ለማን ተብሎ ነው?

በመጀመሪያ ስለ አየሩ እናንሣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ጧት ጧት ኮት የሚያስመኝ ብርድ ያላት ከተማ ናት። ቆቦ ደግሞ 1470 ሜትር ግድም ላይ፣ በምዕራብ በላስታና በግዳን ተራሮች፣ በምሥራቅ በዞብል ጋራ መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ ትገኛለች። ማሽላና ጤፍ የሚዘራባት፣ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን የሚያጠጣባት፣ በግንቦትና በሰኔ የቀትሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ የሚያልፍባት ቆላ ናት። የመንግሥት ሠራተኛው የአለባበስ ልማድ ግን የተቀረጸው ደጋ ላይ ነው። ወደ ቆላ ሲወርድም ኮቱን አላወለቀም።

ኮቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሰልባጅ ነው። ለአውሮፓ ክረምት ተሰፍቶ፣ አንድ ሰው ለብሶት ሲሰለቸው በቦንዳ ታስሮ የመጣ የሱፍ ኮት ነው። የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ አዲስ ሙሉ ልብስ እንደማያሰፋ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ያለ አቅሙ የገዛውን፣ ለአየሩ የማይሆነውን ልብስ ለብሶ፣ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ ባለጉዳይ ያስተናግዳል። ይህን ሁሉ የሚችለው ለምንድን ነው?

የልማዱ ሐረግ ረዥም ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ኮትና ከረባት የመማርና የመሠልጠን ምልክት ሆኖ ተያዘ፤ ካባው ለክብረ በዓል ቀረ። አብዮቱ ሲመጣ ከረባት በአድኃሪነት ተጠረጠረና ካኪና ኮሌታው የተዘጋ ኮት ተተካ። ኢሠፓ በ1977 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላም የፓርቲው ሹማምንት አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ታዩ። በ1983 ዓ.ም. ከበረሃ የገባው ታጋይ ደግሞ ቁምጣውንና የላስቲክ ጫማውን አውልቆ ብዙ ሳይቆይ ሙሉ ልብስ ውስጥ ገባ። ሦስቱ ሥርዓቶች ያልተጣሉበት ነገር ጥቂት ነው። በዚህ አንድ ነገር ግን ተስማምተዋል፤ ሠራተኛው የሚለብሰው አለቃው እንዲያየው እንጂ ባለጉዳዩ እንዲቀርበው አይደለም። ማስረጃ የሚሻ ካለ «ከዞን ወይም ከክልል እንግዳ ይመጣል» በተባለበት ቀን የቢሮውን አለባበስ ከገበያ ቀን አለባበስ ጋር ያስተያይ። በገበያ ቀን የሚመጣው ሕዝብ ነው፤ በእንግዳው ቀን የሚመጣው አለቃ ነው። ከረባቱ ለየትኛው እንደሚታሰር መናገር አያስፈልግም።

«የገበሬው ልብስ የቤትና የማሳ ልብስ ነው፤ ሥርዓት የለውም» የሚል ሰው ኩታን አያውቀውም። አንድ ኩታ በአለባበሱ ብቻ ብዙ ነገር ይናገራል። ትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ያደገድጋል። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም መስቀለኛ ያጣፋል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቱ ያደርጋል፤ በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ጨርቁ አንድ ሲሆን ሥርዓቱ አራት ነው። ሙስሊሙ ገበሬም ለጁምዓ የሚያሸርጠው ንጹሕ ሽርጥና የሚደፋው ኮፍያ ማሳ ከሚውልበት የተለየ ነው። በወሎ አበጋሮችና ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ በዛፍ ጥላ ሥር ሲሰየሙ ከረባት ያሰረ አይታይም። የሚወስኑት ግን ማኅተም ካረፈበት ደብዳቤ በላይ የሚከበርበት ጊዜ አለ። እንግዲህ «ፎርማል» ማለት ለቦታውና ለሰው ክብር ሲባል ተጠንቅቆ መልበስ ከሆነ የራያ ገበሬ ጉዳዩን ከቢሮው ቀድሞ ያውቀዋል። ያልታወቀው የእሱ ሥርዓት ነው።

ያልታወቀውም ባለማየት አይደለም። በነሐሴ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች አጊጠው ሶለል ሲጫወቱ እናጨበጭባለን። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 29 ሲከበር የየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ የባህል ልብስ ለብሶ ይውላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግስቱ ልብሱ ታጥፎ ሣጥን ይገባል። የራያ ጭፈራ በቴሌቪዥን ሲታይ ሽርጡና ጎፈሬው «ውበታችን» ይባላል። ያው ሽርጥ ዱላውን ይዞ ቢሮ በር ላይ ሲቆም ግን «ምን ፈልገህ ነው?» ይባላል። «አባቴ፣ ምን ልርዳዎት?» የሚለው ብዙ ጊዜ ከኮት ለባሹ በኋላ ይደርሰዋል። ባህልን ለመድረክ ፈልጎ ለኑሮ የሚያፍርበት ሰው ባህሉን አከበረ አይባልም።

እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ ይህ ጸሐፊ ያውቃል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። «ታዲያ ሠራተኛው እንደ ፈለገ ለብሶ ይግባ? በነጠላ ጫማና በኳስ ቡድን ማልያ ባለጉዳይ ያስተናግድ?» የሚል ነው። መልሱ «አይሆንም» ነው። ገበሬው ወደ ወረዳ ሲመጣ ከማሳ በወጣበት ልብስ አይመጣም። ታጥቦ፣ ንጹሑን ኩታ ደርቦ፣ አንዳንዴ ከሩቅ ቀበሌ ለሰዓታት ተጉዞ ይመጣል። ይህን ሰው ያልታጠበ ቲሸርት ለብሶ መቀበል ንቀት ነው፤ ከከረባቱም የባሰ ንቀት ነው። ደረጃ ያስፈልጋል። ክርክሩ የደረጃው መለኪያ ከወዴት ይምጣ የሚለው ላይ ነው።

ለዚህም ነው «ዘና ያለ አለባበስ ይግባ፣ ነገሩ ይፈታል» የሚሉትን አብሬ የማልጓዘው። የተማረው ሰው ገጠር ሲገባ ከሕዝቡ ጋር እንዴት ይኑር የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው፤ መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» ውጭ አገር የተማረውን ባሕሩን ገጠር አስገብተው አሳይተውናል። የዛሬው ባሕሩ ብዙ ጊዜ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ከረባት አያስርም። ጂንስ ሱሪ፣ ባለብዙ ኪስ ሰደርያ፣ ጥቁር መነጽር፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ መታወቂያ፣ ከበስተኋላው ነጭ ላንድ ክሩዘር። አለባበሱ «ካዥዋል» ነው። ገበሬው ግን ከኮት ለባሹ ባልተናነሰ ርቀት ያየዋል፤ ሰደርያው እህልና ዘይት የሚያድል ወይም የሚከለክል ሰው ልብስ መሆኑን በድርቁ ዘመናት ተምሯል። ዘና ማለትም የሥልጣን ልብስ ይሆናል። እንዲያውም ዘና ብሎ የመልበስ መብት ራሱ የባለሥልጣን መብት ነው። ሥራ አስኪያጁ ጃኬት ለብሶ ስብሰባ ሲመራ «ትሑት ነው» ይባላል፤ ተላላኪው እንዲያ ቢለብስ «ሥነ ሥርዓት የለውም» ይባላል።

ሌሎች አገሮችም በዚህ ጉዳይ ተፈትነዋል። በዛየር ሞቡቱ ኮትና ከረባትን ከልክሎ «አባኮስት» የሚባል ልብስ አስለበሰ፤ ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «ሙሉ ልብስ ይውደም» እንደማለት ነው። ብዙ ሳይቆይ አባኮስት ራሱ የገዢዎቹ ሙሉ ልብስ ሆነ፤ ሕዝቡም አልጠገበም። በቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. በ1987 የተገደለው ቶማስ ሳንካራ የመንግሥት ሠራተኛው በአገር ጥጥ የተሸመነ «ፋሶ ዳን ፋኒ» እንዲለብስ አዘዘ፤ በዚህኛው ቢያንስ ሸማኔውና ጥጥ አምራቹ ገበያ አገኙ። ከእኛ በብዙ እጥፍ የበለጸገችው ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2005 በበጋ ወራት ሠራተኛው ኮትና ከረባቱን አውልቆ የቢሮው ማቀዝቀዣ 28 ዲግሪ ላይ እንዲቆም ዘመቻ ጀመረች። ባንግላዴሽም እ.ኤ.አ. በ2009 ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ለመንግሥት ሠራተኞች ተመሳሳይ ትእዛዝ ሰጠች። ኬንያ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሄደች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የፓርላማው አፈ ጉባኤ «ካውንዳ» የሚባለውን አፍሪካዊ ኮት ከምክር ቤቱ አገደ። ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። አየሩን ወይም ሸማኔውን ያሰበ ደንብ ትርጉም ያገኛል፤ ገዢው እንዲታይበት ብቻ የወጣ ደንብ ግን ስሙ ምንም ይሁን ያው ሙሉ ልብስ ነው።

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ የሚያለብሰው ዝቅተኛውን ሠራተኛ ነው። ጥበቃው፣ ተላላኪው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሾፌሩ «ደንብ ልብስ» ይሰጣቸዋል። ነገሩ በጎ ነው። ነገር ግን ወፍራሙ ካኪና ካፖርቱ በቆላ ፀሐይ ለሚቆም ዘበኛ ይስማማ እንደሆነ ዘበኛውን የጠየቀው ማን ነው? መምህሩ የሚለብሰው ነጭ ጋዋን ከጠመኔ ብናኝ ያድነዋል፤ ለሥራው የተሰፋ ነው፤ ተማሪውም ወላጁም ሲያየው መምህርነቱን እንጂ ሀብቱን አያይም። ይህ ሊመሰገን የሚገባው አለባበስ ነው። የግብርና ባለሙያው ግን ማሳ መግባት ሲገባው የተወለወለ ጫማው እንዳይጨቀይ ከመንገድ ዳር ቆሞ ምክር ሲሰጥ ልብሱ ሥራውን በልቶበታል።

ስለ ሴቶች ሠራተኞች የተባለ ነገር ማነሱም አይገርምም፤ መለኪያው የወንድ ኮት ነውና። ስለ እነሱ ሲወራ የሚወራው ስለሚከለከለው ነው። አጭር፣ ጠባብ፣ ስስ እየተባለ ይቆጠራል። ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በራያ ፀሐይ ምን ለብሳ፣ ምን ተጫምታ ብትሄድ ሥራዋ ይቀላል? ነጠላዋን ወይም ሒጃቧን ከሥራ ልብሷ ጋር እንዴት ታስማማው? ደንብ አውጪ የሆነ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህን ነበር።

«ከዚህ ሁሉ ችግር መካከል ስለ ልብስ መጻፍ ቅንጦት ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. ቆቦንና አካባቢዋን አዳርሷል። ሰው አልቋል፤ ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከዚያም በኋላ አካባቢው ሰላም አግኝቶ አላረፈም። ነገር ግን ቅንጦት ያልሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ሕዝብና ቢሮ በተፈራሩበት አገር ትንንሹ ምልክት ሁሉ ይነበባል። የተጎዳ ንብረቱን ሊያስመዘግብ፣ የመሬት ደብተሩን ሊጠይቅ፣ የልጁን ማስረጃ ሊያወጣ የመጣ ገበሬ በሩ ላይ ስለ ሽርጡ ከተሸማቀቀ ጉዳዩን በሙሉ አይናገርም፤ ግማሹን ውጦ ይመለሳል። ያልተናገረው ግማሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው ነው። የዚህ ዋጋ በከረባት አይመለስም።

ታዲያ ምን ይሁን? «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል። ለራያ ቆላ የሚሆን የቢሮ አለባበስ በራያ ቆላ ይወሰን። ንጽሕና ግዴታ ይሁን፤ ኮትና ከረባት ግን ምርጫ ይሁን። እጅጌው ያጠረ ንጹሕ የጥጥ ሸሚዝ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ አገር ሙሉ ልብስ ነው። የደንብ ልብሱ ጨርቅ በአየሩ ይመረጥ፤ የሚለብሱትም ይጠየቁ። ሠራተኛው ለስብሰባ ወይም ለሽምግልና የአገር ሸማ ቢለብስ ኅዳር 29ን አይጠብቅ። ከሁሉ በፊት ግን ባለጉዳይ በለበሰው ልብስ ተራው እንዳይወሰድበት፣ ጥበቃውም የክብር ሰላምታውን ለኮት ብቻ እንዳያስቀምጥ በግልጽ ይነገር። ይህኛው መመሪያ በጀት አይጠይቅም።

አዲስ የአለባበስ መመሪያ ሊፈርም የተዘጋጀ የወረዳ ሹም ካለም ከመፈረሙ በፊት አንድ የገበያ ቀን ከቢሮው ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከባለጉዳዮቹ መካከል ተቀምጦ ቢያረፍድ መልካም ነው። ከዚያ ሆኖ ሲያዩት ቢሮው ሌላ ይመስላል።