ስለ ቀጥታ እንቅስቃሴ ጥያቄዎች አፈታት የቀረበ ሒስ

«ጊቭን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን።» በአገራችን ፊዚክስ የተማረ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። የተሰጠው ይጻፋል፤ የሚፈለገው ይጻፋል፤ ከዚያም ቀመር ተመርጦ ቍጥር ይገባበታል። ሥርዓቱ ሐሳብን ለማሰናዳት ስለሚረዳ አንነቅፈውም። የምንነቅፈው በቀጥታ መሥመር ስለሚደረግ እንቅስቃሴ በሚቀርቡት ጥያቄዎች ላይ የማሰብን ቦታ መውሰዱን ነው።

ለማስረጃ አንድ ጥያቄ እናቅርብ። አንድ አውቶቡስ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ ሲጓዝ፣ ቀጥ ባለና ደልዳላ በሆነ ስፍራ ላይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 20 ሜትር፣ ማለት በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ነጂው ፍሬን ሲይዝ ከዚህ ፍጥነት ላይ በየሴኮንዱ 5 ይቀነሳል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ባሉት 6 ሴኮንዶች ውስጥ አውቶቡሱ ስንት ሜትር ይሄዳል?

ቀመር ፈላጊው ተማሪ የመነሻውን ፍጥነት በጊዜው አባዝቶ 120 ያገኛል። ከዚህ ላይ የ5ን ግማሽ በ6 ካሬ አባዝቶ ያገኘውን 90 ይቀንስና «30 ሜትር» ብሎ ያሰምርበታል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ መልሱ ግን ስሕተት ነው። በየሴኮንዱ 5 የሚቀነስለት 20 በ4 ሴኮንድ ያልቃልና፣ አውቶቡሱ 40 ሜትር ሄዶ ቆሟል። 30 ሜትር ማለት፣ ፍሬን የያዘው አውቶቡስ በቀሩት 2 ሴኮንዶች 10 ሜትር ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው። በገበዝ ማርያም ከብት የሚጠብቅ ልጅ ይህን ቢሰማ ይሥቃል፤ እርሱ የሚያየው መንገዱን ነውና። ተማሪው ግን የሚያየው የቀመሩን ፊደሎች ብቻ ነው።

ቀመሩ የሚሠራው የፍጥነቱ ለውጥ እኩል ሆኖ እስከ ቀጠለ ድረስ ብቻ ነው። ጋሊሊዮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1638 በታተመው መጽሐፉ አስቀድሞ ያብራራው፣ በእኩል ጊዜ እኩል የሚጨምር ፍጥነት ምን ማለት እንደ ሆነ ነው፤ ሕጉን ያስከተለው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ደብተሮች ግን ሕጉን ይዘው ውሉን ጥለውታል።

የጥፋቱ ምክንያት ስንፍና ብቻ ነው አንልም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ዐረፍተ ነገሩ በሚገባ ያልገባው ተማሪ ቍጥሮቹን ለቅሞ ወደ ቀመር ቢሸሽ አያስደንቅም። መድኃኒቱ ጥያቄውን አስቀድሞ በራስ ቋንቋ መተረክ፣ መሥመር አስምሮ መነሻውንና አቅጣጫውን ማመልከት፣ ፍጥነቱን ከጊዜው ጋር በግራፍ ማሳየት ነው። በምሳሌአችን ግራፉ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ መሠረቱ 4፣ ቁመቱ 20፣ ስፋቱም 40 ነው።

ይህ የፈተና ውጤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚያው መንገድ 50 ሜትር ርቆ ከብት ቢቆም፣ «በ40 ሜትር ይቆማል» ብለን ልንጽናና እንችላለን። ነገር ግን ነጂው ከብቱን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ አውቶቡሱ በዚያች ሴኮንድ በሙሉ ፍጥነቱ 20 ሜትር ይሄዳል። ድምሩ 60 ሜትር ነው። እንቅስቃሴው ሁለት ክፍል እንዳለው ያላየ ሰው ከብቱንም ተሳፋሪውንም አላየም።

ስለዚህ መምህራን ከቀመሩ በፊት ለሚጻፍ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ይኸውም «ይህ ቀመር የሚሠራው ከዚህ ጊዜ እስከዚህ ጊዜ ነው» ለሚለው፣ የራሱን ነጥብ እንዲመድቡለት እናሳስባለን።