ዓመታትን በጣት መግፋት

ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ በጨንቻ ደጋ ላይ የሚቆመው የዶርዜ ቤት በሙዚየም መስታወት ውስጥ አይገባም። ከቀርከሃ ተጎንጉኖ፣ በእንሰት ኮባ ተከድኖ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ምስጥ ግርጌውን ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም እያጠረ ከባለቤቱ ጋር ያረጃል። ፎቶግራፍ ይህን እርጅና አያሳይም። ጎብኚው ዓመታትን በጣቱ እየገፋ ቤቱ ሲያጥር የሚያይበት የንክኪ ስክሪን ቢነደፍለት ግን ይታያል። እንዲህ ያለውን ዐውደ ርእይ የሚነድፉ ባለሙያዎችን የማደንቀው ለዚህ ነው፦ ጎበዞቹ የሚነሡት ከመሣሪያው ሳይሆን ዕቃው ራሱ ሊናገረው ከማይችለው ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም ጎብኚውን ከተመልካችነት ወደ ሞካሪነት የሚጋብዘው በዚሁ ሙያ ነው።

ስክሪን እውነተኛውን ቤት ያስረሳል፣ መብራት ሲጠፋም ጥቁር ሰሌዳ ሆኖ ይቀራል የሚሉ አሉ። ሁለተኛው እውነት ነው፤ ጥሩ ነዳፊ ለዚያ ሰዓት በእጅ የሚፈታና የሚገጠም የቀርከሃ ሞዴል ከጎኑ ያኖራል። የመጀመሪያው ግን አያሳምነኝም። ጨንቻ የወጣ እንግዳ ቤቱን የሚያገኘው በዛሬ ቁመቱ ብቻ ነው። ማጠሩን አስቀድሞ በጣቱ የሞከረ ሰው ግን ደጃፉ ላይ ሲቆም ዓይኑ በቀጥታ ወደ ግርጌው፣ ወደ ተቆረጠው ቀርከሃ ይወርዳል።